ስለ ወላድ ላሞች ጤና፤ በመውለጃቸው ወራት በሰውነታቸው ውስጥ ስለሚነሣው ቃጠሎና ስለ መኖአቸው

የወተት ላም ባለበት ቤት ሁሉ የታወቀ ነገር ነው። ላሚቱ ዓመቱን በደኅና ስትታለብ ከርማ፥ ነጥፋም ዐርፋ፥ ከወለደች በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሕመም በላይዋ ይከማቻል። እንግዴ ልጁ አልወርድ ይላል፤ ማሕፀኗ ይመግላል፤ ግቷ አብጦ ይግላል፤ ወተቷም አንድ ጊዜ ውሃ መስሎ፥ አንድ ጊዜ እንደ አይብ ተቈራርጦ ይወጣል። ከአራቱ ጡቶቿ አንዱ በዚህ ዐይነት ከደረቀ ብዙ ጊዜ አይመለስም። አንዲት የተዳቀለች ላም ብቻ ላለችው ባላገር ይህ ጕዳት ቀላል አይደለም፤ ወተቱን ሽጦ ጨውና ዘይት የሚገዛበት፥ ለልጆቹም ደብተር የሚያወጣበት ገንዘብ በዚያው ልክ ይጐድላል።

ለዚህ ሕመም በየወረዳው የሚሰጠው ምክር ሁለት ነው። አንደኛው በረቱን አንጽቶ እጅንና ጡትን አጥቦ ማለብ ነው፤ ሁለተኛው ሐኪም ጠርቶ መድኃኒት ማስወጋት ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሊተዉም አይገባም። ነገር ግን በአንድ በረት፥ በአንድ ሰው እጅ፥ በአንድ ዐይነት ንጽሕና ከሚታለቡት ላሞች አንዲቱ ስትታመም ሌላይቱ የማትታመምበት ምክንያት በእነዚህ ሁለት ነገሮች ብቻ አይገለጽም። የበሽታው ዘር በሁለቱም ጡት ደጃፍ ላይ አለ። ልዩነቱ ያለው በውስጥ ባለው ጠባቂ ነው። የጠባቂውም ብርታት ወይም ድካም የሚወሰነው ላሚቱ ከመውለዷ አስቀድሞ ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ ከግርግሟ ባገኘችው ነገር ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከኦክሲጅን ሥራ መጀመር ያሻል። ብረት በእርጥብ ስፍራ ሲቀመጥ ይዝጋል፤ የኑግ ዘይትም ክዳኑ ተከፍቶ ብዙ ጊዜ ሲቆይ ሽታውና ጣዕሙ ይበላሻል። ሁለቱም የኦክሲጅን ሥራ ናቸው። በእንስሳ ሰውነት ውስጥም መኖው ከኦክሲጅን ጋር ተገናኝቶ ቀስ እያለ ስለሚነድ ሙቀትና ኀይል ይገኛል። ይህ እሳት ለሕይወት አስፈላጊ ነው፤ ዳሩ ግን እንደ ምድጃ እሳት ሁሉ ፍንጣሪ አለው። ፍንጣሪው ያረፈበትን ሕዋስ፥ ይልቁንም የሕዋሱን ስብ ያቃጥላል። ጤነኛ ሰውነት ፍንጣሪውን የሚያጠፋበት የራሱ መሣሪያ ስላለው ጕዳቱ አይታወቅም። ፍንጣሪው በዝቶ ማጥፊያው ሲያንስ ግን ሚዛኑ ይፋለሳል። ሊቃውንት ይህን ሁኔታ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ብለው ይጠሩታል፤ በአማርኛ የኦክሲጅን ቃጠሎ ቢባል ነገሩን ይገልጸዋል።

ቃጠሎው በሽታን ከመከላከል ጋር የሚገናኘው እንደዚህ ነው። በደም ውስጥ የሚዞሩት ነጭ ሕዋሳት የሰውነት ዘበኞች ናቸው። የበሽታ ዘር ወደ ግት በገባ ጊዜ ከደም ሥር ወጥተው ወደ ስፍራው ይሮጣሉ፤ ዘሩንም ይውጡታል። ከዋጡት በኋላ የሚገድሉት ከኦክሲጅን በሚያወጡት በዚያው እሳት ነው። እንግዲህ ዘበኛው የሚዋጋው ችቦ ይዞ ነው ማለት ነው፤ የገዛ ቆዳው ደግሞ ከስብ የተሠራ ነው። ችቦ ይዞ ወደ ሣር ቤት የሚገባ ሰው ሌባውን ከማባረሩ በፊት ቤቱን እንዳያቃጥል መጠንቀቅ እንደሚገባው ሁሉ፥ ነጩም ሕዋስ ቆዳው በሚገባ ካልተጠበቀ በራሱ እሳት ይጐዳል። የተጐዳ ሕዋስ ወደ ግት የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ቢደርስም የዋጠውን ዘር ለመግደል ዐቅም ያጣል። በዚህ መካከል ዘሩ በወተቱ ውስጥ ይራባል።

የእንግዴ ልጅም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጥጃው ከተወለደ በኋላ እንግዴ ልጁ ከማሕፀን ግድግዳ የሚላቀቀው የእናቲቱ ነጭ ሕዋሳት እንደ ባዕድ ነገር ቈጥረው ሲነሡበት ነው። በአሜሪካ በአይዋ ግዛት በኤምስ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2002 ዓመት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ባወጡት ጥናት፥ እንግዴ ልጃቸው የቀረባቸው ላሞች ነጭ ሕዋሳት ገና ከመውለዳቸው አስቀድሞ ደክመው እንደ ነበር አሳይተዋል። ስለዚህ ሕመሙ በወሊድ ቀን የጀመረ ቢመስልም መነሻው ከዚያ በፊት ነው። በአንዳንድ ስፍራ እንደሚደረገው የቀረውን እንግዴ ልጅ በእጅ እየጐተቱ ማውጣት ደግሞ ማሕፀኑን ያቈስላል እንጂ አይረዳም፤ ከ24 ሰዓት በላይ የቈየ እንደ ሆነ፥ ላሚቱም ትኵሳት ካላት፥ ሐኪም ሊያያት ይገባል።

ታዲያ ቃጠሎው በመውለጃ ወራት ስለ ምን ይበረታል? ጥጃው በማሕፀን ውስጥ አብዝቶ የሚያድገው በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ነው። እንገሩም በግት ውስጥ የሚዘጋጀው መውለጃዋ ሲቃረብ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቪታሚን ኢ ከእናቲቱ ደም ወደ እንገሩ ስለሚያልፍ በደሟ የሚቀረው እጅግ ያንሳል። በዚሁ ወራት ላሚቱ የምትበላው ይቀንሳል። ከወለደች በኋላ ደግሞ ወተቱ የሚጠይቃት ኀይል ከምትበላው ስለሚበልጥ፥ የራሷን ስብ እያቀለጠች ታነዳለች፤ የሚቀልጠው ስብ በጕበቷ ውስጥ ሲነድ ፍንጣሪው ይበዛል። ነጥፋ ሳለች ያለ ልክ የሰባች ላም ከሌሎቹ ይልቅ የምትጐዳውም ስለዚህ ነው። በቈላ አገር የፀሓዩ ሙቀት ሲጨመርበት ነገሩ የባሰ ይሆናል። ብዙ ወተት እንድትሰጥ የተዳቀለችው ላም ከአገሩ ላም ይልቅ ይህን ሸክም ትሸከማለች፤ ወተቷን ፈልጎ ያመጣት ሰው የሚያበላት ግን ብዙ ጊዜ ለአገሩ ላም የሚሰጠውን ያንኑ ጭድ ነው።

ፍንጣሪውን ከሚያጠፉት ነገሮች ሁለቱ ከመኖ ይገኛሉ፤ ሁለቱም በላም ላይ በሚገባ ተመርምረዋል። አንደኛው ቪታሚን ኢ ነው። ይህ ነገር በ1922 ዓመት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በካሊፎርኒያ በኤቫንስና በቢሾፕ የተገኘ ሲሆን፥ በሕዋሱ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ስቡን ከእሳት ይጠብቃል። ሁለተኛው ሴሌኒዩም የሚባለው ማዕድን ነው። የሴሌኒዩም ታሪክ የሚያስደንቅ ነው፤ አስቀድሞ የታወቀው በመርዝነቱ ነበርና። በ1930ዎቹ ዓመታት በሳውዝ ዳኮታ ግዛት ከብቶች ጠጕራቸው እየረገፈ፥ ሰኰናቸውም እየተሰነጠቀ ሲጐዱ፥ ምክንያቱ ከመሬቱ ወደ ሣሩ የገባ የሴሌኒዩም ብዛት መሆኑ ተገለጸ። በ1957 ግን ሽዋርዝና ፎልዝ የተባሉ ሊቃውንት ያው መርዝ በጥቂት መጠን ለሕይወት የግድ አስፈላጊ መሆኑን በአይጦች ላይ አስረዱ። በ1973 ደግሞ ሴሌኒዩም ግሉታቲዮን ፔሮክሲዴዝ በሚባለው ማጥፊያ ውስጥ የሚገኝ ክፍል መሆኑ ታወቀ። ይህ ማጥፊያ ቪታሚን ኢ ካልደረሰበት ከሕዋሱ ውስጥ ፍንጣሪውን ይለቅማል። አንዱ የቆዳው ዘበኛ፥ ሌላው የጓዳው ዘበኛ ነው ቢባል ይቀናል። መዳብና ዚንክም በሌላ ማጥፊያ ውስጥ ስላሉ ሊዘነጉ አይገባም።

ለላም ያላቸው ጥቅም በግልጽ የታየው በኦሃዮ ግዛት ነው። በ1984 ዓመት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ታትሞ በወጣው ጥናት፥ የደረቀና የተከማቸ መኖ ለሚበሉ ላሞች ነጥፈው ሳሉ ቪታሚን ኢ በየቀኑ ሲጨመርላቸው የጡት በሽታው ቍጥር ከመቶ 37 እጅ ቀነሰ። ሴሌኒዩሙ ለብቻው ከመውለዳቸው ሦስት ሳምንት አስቀድሞ በመርፌ የተሰጠ ሲሆን፥ ሁለቱን በአንድነት ያገኙት ላሞች ቢታመሙም እንኳ የሕመማቸው ዘመን ከመቶ 62 እጅ አጠረ። በዚህ ውስጥ መታሰብ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ እነዚያ ላሞች የሚበሉት መኖ የተከማቸ ነበር። እርጥብ ሣር በሚግጡ ላሞች ላይ ይህን ያህል ጥቅም መጠበቅ አይገባም፤ እርጥቡ ሣር ራሱ ቪታሚን ኢ የሞላበት ነውና።

ከዚህ ጥናት በኋላ በብዙ አገር መጠን ተወስኗል። በ2001 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ባወጣው መመሪያ፥ የተከማቸ መኖ ለምትበላ ለነጠፈች ላም በቀን 1000 ዩኒት ያህል፥ ለምትታለብ ላም 500 ዩኒት ያህል ቪታሚን ኢ እንዲሰጥ፥ ሴሌኒዩምም በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ 0.3 ሚሊግራም እንዲሆን ይላል። በቀን 10 ኪሎ ደረቅ መኖ የምትበላ ላም እንግዲህ የሚያሻት ሴሌኒዩም 3 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ይህም በጣት ጫፍ ሊያዝ የማይችል ነገር ነው።

ጥቂት ከጠቀመ ብዙ አብልጦ ይጠቅማል የሚል ሰው እንዳይሳሳት የሆላንድ አገር ነገር ይነገረው። በዚያ አገር በአምስት እርሻዎች በነጠፉ ላሞች ላይ በተደረገና በ2010 በታተመ ፈተና፥ በቀን 3000 ዩኒት ቪታሚን ኢ የተሰጣቸው ላሞች ከወለዱ በኋላ በጡት በሽታ የተያዙት ከሌሎቹ ይልቅ በዝተው ተገኙ። እሳቱን የያዘው ቪታሚን ኢ ራሱ መልሶ የሚያበርደው ሌላ ረዳት ካላገኘ ፍንጣሪ አቀባይ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይታሰባል። የሴሌኒዩም ብዛት ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው፤ በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ከ5 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ለከብት አደገኛ ተብሎ ይቈጠራል። በመርፌ ሲሰጥም የላሚቱን ክብደት ሳይገምቱ በግምት መቅዳት ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የሴሌኒዩምና የቪታሚን ኢ መርፌ በእንስሳት ሐኪም እጅ ብቻ እንዲሰጥ የወረዳ ኀላፊዎች ሊቈጣጠሩ ይገባል።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ጥያቄው ሁለት ነው፤ አንዱ የመሬቱ ነው፥ ሌላው የወቅቱ። ስለ መሬቱ፥ በ2020 ዓመት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ከልዩ ልዩ ክልሎች በተወሰደ የሰው ደም ላይ የተደረገ ምርመራ የሴሌኒዩም እጥረት በአገሩ በብዙ ስፍራ እንደሚገኝ፥ መጠኑም ከስፍራ ስፍራ እንደሚለያይ አስረድቷል። በሚከተለውም ዓመት በእህል ላይ የተደረገ ጥናት የጤፍና የስንዴ ሴሌኒዩም እንደ አፈሩ ጠባይ በሰፊው እንደሚለዋወጥ አሳይቷል። ሰው እህሉን ሲበላ ከብቱ ጭዱን ይበላል፤ ሁለቱም የበቀሉት ከአንድ አፈር ነው። በሰው ደም ላይ የታየው በላም ላይም አለ ብሎ መፍረድ ባይቻልም መጠርጠር ግን ይገባል። ፊንላንድ እንደዚህ ያለ የደኸየ አፈር ስላላት ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መንግሥቱ ሴሌኒዩምን በማዳበሪያው ውስጥ እንዲጨመር አድርጎ የእህሉንም የወተቱንም ሴሌኒዩም ከፍ አድርጓል። ይህን የመሰለ ውሳኔ ግን የአፈሩ ምርመራ በየስፍራው ሳይጠናቀቅ አይደረግም፤ መሬቱ ሴሌኒዩም በበዛበት ስፍራ መጨመር መርዝ መጨመር ነውና።

የወቅቱ ነገር ከመሬቱ ይልቅ በሹማምንት እጅ ያለ ነው። በደጋው አገር ሣሩ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ለምለም ሆኖ ይቈያል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ግንቦት ድረስ የከብቱ መኖ ጭድ፥ ገለባ፥ ቃርሚያና ድርቆሽ ነው። በጭድ ውስጥ ቪታሚን ኢ ከምንም አይቈጠርም። የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ የሚበላውን ኀይል ይጨምራሉ፤ ይህን ጐደሎ ግን በሚገባ አይሞሉትም። ስለዚህ በመጋቢትና በሚያዝያ የምትወልድ ላም ነጥፋ የከረመችው በጭድ ላይ ስለ ሆነ፥ ከወለዱት ሁሉ ይልቅ ዘበኞቿ የደከሙ ናቸው።

ድርቆሽ ከጭድ የሚሻለው በሚገባ ከተዘጋጀ ነው። በአገሩ ልማድ ሣሩ የሚታጨደው ዘሩን ካራገፈ በኋላ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ነው፤ ከታጨደም በኋላ በፀሓይ ላይ ለብዙ ቀን ተዘርግቶ ይተዋል። በዚህ ዐይነት የደረቀ ድርቆሽ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫነቱም ያለውን ቪታሚን ኢ አብዛኛውን ማጣቱን ያመለክታል። ሣሩ ማበብ ሲጀምር፥ ዝናሙም ፋታ ሲሰጥ ታጭዶ፥ በየቀኑ እየተገለበጠ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ደርቆ፥ አረንጓዴ መልኩን ሳይለቅ ከጥላ በታች ቢከመር ብዙው ይተርፋል። ይህ ሥራ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን የሁለት ሳምንት ቅድሚያ ነው። አስቸጋሪነቱ ወቅቱ ከእህል አጨዳ ጋር መጋጨቱ ነው፤ ባላገሩ እህሉን ትቶ ሣር ያጭዳል ተብሎ አይጠበቅም። ቢሆንም ድርቆሹ በሙሉ እንዲህ እንዲሆን አያስፈልግም፤ ለአንዲት ላም ለመጨረሻዎቹ ሁለት ወራትና ከወለደች በኋላ ላለው ወር የሚበቃው አረንጓዴ ድርቆሽ ለብቻው ተከምሮ ቢቀመጥላት ይበቃል።

በበጋው እርጥብ ቅጠል የሚገኝበትም መንገድ አለ። ውሃ ባለበት መስኖ አጠገብ አልፋልፋ ወይም የዝሆን ሣር በጥቂት መደብ መትከል፥ በደጋ አጥር ላይ ትሪ ሉሰርን የሚባለውን ዛፍ ማብቀል፥ በደቡብ በኩል የእንሰት ቅጠል መጨመር ይቻላል። ከአትክልት ቦታ የሚጣለው የጎመን ቅጠልም ቢሆን ለነጠፈችው ላም እንጂ ለፍግ መሆን አይገባውም። በየቀኑ አንድ ሸክም እርጥብ ቅጠል ለምትታለበው ላም ይሰጥ ዘንድ የባላገሩ ልብ ይወዳል፤ ወተቷ በዓይን ይታያልና። የነጠፈችው ምንም ስለማትሰጥ ወደ ጥግ ትገፋለች። ይህ ልማድ መገልበጥ አለበት።

ከዚህ ሌላ የጥቂውን ጊዜ መምረጥ አለ። ላም የምታረግዘው 280 ቀን ያህል ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ የተጠቃች ላም ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም መግቢያ ትወልዳለች፤ ነጥፋ የምትቈየውም ሣሩ በሚለመልምበት ወራት ይሆናል። ዳሩ ግን ክረምት የጭቃ ወራት ነው፤ ጭቃ ደግሞ የበሽታ ዘር ማደሪያ ነው። በክረምት እንድትወልድ የተደረገች ላም መኝታዋ በደረቅ ጭድ ካልተነጠፈ፥ ፍሳሹም ካልተቀየሰ፥ በአንድ እጅ የተገኘው ጥቅም በሌላው ይጠፋል። ወተት በጾም ወራት ዋጋው ስለሚወድቅ ነጋዴው የሚፈልገው ጊዜና ላሚቱ የሚስማማት ጊዜ አንድ ላይሆን ይችላል፤ በዚህ ላይ የወረዳው ሠራተኛ እንደ አገሩ ገበያ መምከር ይኖርበታል።

ጥጃውም በዚህ ነገር ድርሻ አለው። ሲወለድ በሰውነቱ ያለው ቪታሚን ኢ እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። በሽታን የሚከላከልበትም ነገር ከዚያው ይመጣል፤ የጥጃው አንጀትም ይህን ነገር ተቀብሎ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከአንድ ቀን በኋላ ይዘጋል። ስለዚህ እንገሩ ለቤት ከመፈላቱ በፊት ጥጃው በተወለደ በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ እስኪጠግብ መጥባት አለበት። እግሩ የሚደርቅ፥ ተነሥቶ መቆም የሚያቅተው፥ ወይም ያለ ምክንያት በድንገት የሚሞት ጥጃ በአንድ ስፍራ ሲደጋገም የሴሌኒዩም እጥረት ሊኖር ይችላልና ለሐኪም ማስታወቅ ይገባል። በ1958 በኦሪጎን ግዛት በበጎች ላይ እንደ ታየው፥ ሥጋቸው እየነጣ ለሚሞቱት ግልገሎች መድኃኒቱ ሴሌኒዩም ሆኖ ተገኝቷል።

በበረት ውስጥ ያለውን ቃጠሎ በዓይን ማየት አይቻልም፤ የደሙም ምርመራ በየወረዳው አይገኝም። የሚቻለው መዝገብ መያዝ ነው። የቀበሌው የእርሻ ልማት ሠራተኛ ለእያንዳንዷ የተዳቀለች ላም የነጠፈችበትን ቀን፥ ነጥፋ ሳለች የበላችውን፥ የወለደችበትን ቀን፥ እንግዴ ልጁ የወረደበትን ሰዓት፥ በመጀመሪያው ወርም የጡት ሕመም ታይቶባት እንደ ሆነ ይጻፍ። ገና ያልተገለጠውን የጡት በሽታ ለማወቅ በ1957 በካሊፎርኒያ የተሠራው መመርመሪያ ይረዳል፤ ከየጡቱ የታለበ ጥቂት ወተት በሳሕኑ ላይ ከመመርመሪያው ፈሳሽ ጋር ሲደባለቅ እንደ ንፍጥ ከረጋ ጡቱ ታሟል። የታመሙት ከመጋቢት እስከ ግንቦት በዝተው በመስከረምና በጥቅምት ካነሱ ምክንያቱ ከመኖው ሊሆን ይችላል። ዓመቱን በሙሉ እኩል ከሆኑ ግን የአለባው ንጽሕናና የመዥገር ቍስል አስቀድሞ ይመርመር። መዝገቡ በየሦስት ወሩ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይደርሳል፤ መርፌም ሆነ የማዕድን ጨው ለየትኛው ቀበሌ እንደሚያሻ የሚወስነው እርሱ ይሆናል።